የመንግሥት እጅና ጆሮ፤ ስለ አገራችን አስተዳደር ታሪክ

ሙሴ ሕዝበ እስራኤልን ከግብጽ አውጥቶ በምድረ በዳ ሳለ፣ ከጧት እስከ ማታ ተቀምጦ የሁሉን ሰው ነገር ብቻውን ይዳኝ ነበር። አማቱ ዮቶር ሊጠይቀው በመጣ ጊዜ ይህን አይቶ፣ ሥራው ከአንድ ሰው አቅም በላይ መሆኑን፣ ዳኛውም ባለጉዳዩም አብረው እንደሚጐዱ ነገረው። ምክሩም በሺህ፣ በመቶ፣ በአምሳና በአሥር ሰው ላይ አለቆች እንዲሾም፣ ቀላሉን ነገር እነርሱ እንዲፈርዱት፣ ከባዱ ብቻ ወደ እርሱ እንዲመጣ ነበር። ሻለቃ፣ መቶ አለቃ፣ አምሳ አለቃ የሚሉት የአገራችን የማዕርግ ስሞችም ይህንኑ አከፋፈል ያስታውሱናል።

ጥያቄው እንዲህ የቈየ ቢሆንም እስከ ዛሬ ድረስ ተቈርጦ አላለቀም። አንድ መንግሥት ሥልጣኑን ሁሉ በመሐል ከተማ ሰብስቦ ይያዝ? ወይስ በየአገሩ ለሚኖረው ሕዝብ ከፍሎ ይስጥ? የፊተኛው በዛሬ አነጋገር የተማከለ አስተዳደር፣ ሁለተኛው ደግሞ ያልተማከለ አስተዳደር ይባላል። ትምህርት ቤታችን የምሥረታውን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፣ እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን ርእስ መርጠን ለመጻፍ የተነሣነው፣ ጥቂት ጊዜ ቈይተን አንዳንዶቻችን ጸሐፊ፣ አንዳንዶቻችን መምህር፣ አንዳንዶቻችንም ሹም ሆነን በዚሁ ሥራ ውስጥ የምንገባ ስለ ሆነ ነው።

ሐሳባችንን አስቀድመን በአጭሩ እንናገር። መንግሥት እንደ ሰው እጅና ጆሮ አለው። እጁ ግብር የሚሰበስብበት፣ ወንጀለኛ የሚይዝበት፣ መንገድ የሚያስጠርግበት ነው። ጆሮው የሕዝቡን ችግር የሚሰማበት ነው። የአገራችንን ታሪክ ስንመለከት የመሐሉ መንግሥት እጁ እየረዘመ ሄዷል፤ ጆሮው ግን በዚያው ልክ አልረዘመም። ጥፋቱም የመጣው ሥልጣን በመሐል ስለ ተሰበሰበ ብቻ አይደለም፤ ሥልጣኑ በመሐልም ይሁን በየአገሩ ሳለ፣ ከታች ሆኖ የሚጠይቀው ሰው ስላልነበረው ነው እንላለን።

መሳፍንቱና አፄ ቴዎድሮስ

ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ዘመነ መሳፍንት ይባላል። በጎንደር ንጉሥ የሚባል ነበረ፤ ነገር ግን ከግቢው አልፎ የሚታዘዝለት አልነበረም። ትግራይም፣ ስሜንም፣ ጎጃምም፣ ወሎም፣ ሸዋም በየገዢው እጅ ነበሩ። ሥልጣን ለየአገሩ መከፈሉ ብቻውን ሕዝብን የሚጠቅም ቢሆን ኖሮ፣ ከዚያ ዘመን የተሻለ ዘመን ባልተገኘ ነበር። ገበሬው ያየው ግን ሌላ ነው። አንዱ መስፍን ሌላውን ለመውጋት በወጣ ቍጥር ሠራዊቱ የሚበላው ከገበሬው ጎተራ ስለ ነበረ፣ ያሸነፈውም የተሸነፈውም ለባላገሩ አንድ ነበሩ። ሥልጣኑ የተከፈለው ለመሳፍንቱ እንጂ ለሕዝቡ አልነበረምና።

አፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ ይህን ሊያስቀሩ ቈርጠው ተነሡ። ወታደሩ ተሰሪ እየሆነ ገበሬውን መብላቱ ቀርቶ ደመወዝ እንዲቈረጥለት፣ የየአገሩ ገዢና ዳኛም በደመወዝ የሚያድር ሹም እንዲሆን አሰቡ። ሐሳቡ ከዘመኑ የቀደመ ነበረ። ነገር ግን ለደመወዙ የሚሆነው ገንዘብ ከወዴት ይምጣ? ግብሩን ከየአገሩ አጓጕዞ የሚያስገባ መንገድም፣ ወሬ የሚያደርስ ስልክም፣ ሒሳብ የሚይዝ የሠለጠነ ጸሐፊም አልነበረም። የቤተ ክርስቲያንን መሬት ለዚሁ ፈልገው፣ ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል ባሉ ጊዜ ከካህናቱ ጋር ተጣሉ፤ ከካህናቱ ጋር የተጣላ ንጉሥ ደግሞ ከሕዝቡ ጋር መጣላቱ አይቀርም። አንዱን ሽፍታ ሲያስገብሩ ሌላው እየተነሣ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ በደረሰ ጊዜ፣ የሚታዘዝላቸው አገር ከአምባው ዙሪያ ብዙም አያልፍም ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ ሥልጣንን በመሐል ለመሰብሰብ ጀግንነት ብቻውን እንደማይበቃ፣ ገንዘብ፣ መንገድና የሕዝብ ፈቃድም እንደሚያስፈልጉ ነው።

አፄ ዮሐንስና አፄ ምኒልክ

አፄ ዮሐንስ በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ከነገሡ በኋላ በሌላ መንገድ ሄዱ። ንጉሠ ነገሥት የሚለው ስም ራሱ ከበታቹ ሌሎች ነገሥታት መኖራቸውን ያመለክታልና፣ እርሳቸውም በዚሁ ስም ትርጕም ገዙ። በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ልቼ ላይ በተደረገው ስምምነት፣ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት የሚለውን ስም ትተው ለመገበር ሲስማሙ፣ የሸዋ ንጉሥነታቸው ጸናላቸው። በጥር 1873 ዓ.ም. ደግሞ ራስ አዳል ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው በጎጃም ነገሡ። ይህ ብልህ አሠራር ነበረ፤ ብዙ ደም ሳይፈስ አገሩን አንድ አድርጎ ይዞታልና። ጕድለቱ ግን ወዲያው ታየ። የእያንዳንዱ ንጉሥ ሥልጣን ከየት እስከ የት እንደሚደርስ በግልጥ ተለይቶ ስላልታወቀ፣ ሁለቱ ነገሥታት በደቡብ ምዕራብ ባለው አገር ተሻምተው በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ተዋጉ። ወሰኑ ሳይለይ የተከፈለ ሥልጣን ጠብ ይወልዳል።

አፄ ምኒልክ ይህንኑ አከፋፈል ወርሰው በዓድዋ መልካም ፍሬውን አሳዩ። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ በተነገረ ጊዜ በአገሩ የጦር ሚኒስቴር አልነበረም። የሐረሩ ራስ መኰንን፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ የወሎው ራስ ሚካኤል፣ የትግራዩ ራስ መንገሻ እያንዳንዳቸው ሠራዊታቸውን አስከትለው ተሰለፉ። የካቲት 23 ቀን የተገኘው ድል፣ ጥሪው ከመሐል መጥቶ ሥራው በየአገሩ ሲሠራ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ይመሰክራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ የዚያን ዘመን ሌላውንም ገጽ ሳናነብ ማለፍ አይገባንም። በጦርነት በተያዙት በደቡብ አገሮች፣ ለሹሙና ለወታደሩ በደመወዝ ፈንታ ገባር ይሰጠው ነበር። ገባሩም እህሉን፣ ማሩን፣ ማገዶውንና ጕልበቱን ለዚያ ሰው ይገብር ነበር። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ደመወዝ የሌለው ሹመት እንዲህ ያለውን ተረት ቢወልድ አያስደንቅም። በአንጻሩ የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር በሰላም ገብረው ዓመታዊ ግብር ስለሚከፍሉ፣ ጅማ እስከ 1920ዎቹ ዓ.ም. ድረስ የውስጥ አስተዳደሯን ራሷ ይዛ ቈይታለች። እንግዲህ በአንድ ንጉሠ ነገሥት ሥር፣ ጎረቤት በሆኑ አገሮች ላይ፣ አንዱ ሕዝብ በራሱ ሰው ሲተዳደር ሌላው ገባር ሆኖ ይኖር ነበር ማለት ነው።

የ1934ቱ ድንጋጌ

በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ተሾሙ፤ በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር አዲስ አበባ ገባ፤ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ተሰጠ። በእነዚህ ሁሉ መሐሉ እየበረታ ሄደ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ጠላት ተባርሮ አፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ ነው። በመጋቢት 1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ስለ አገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ ወጣ።

በዚህ ድንጋጌ መሠረት አገሩ በ12 ጠቅላይ ግዛት፣ ጠቅላይ ግዛቱ በአውራጃ፣ አውራጃው በወረዳ፣ ወረዳውም በምክትል ወረዳ ተከፈለ። ገዢው ከንጉሠ ነገሥቱ የሚሾም፣ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር የሚታዘዝ፣ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበል ሆነ። የራሱ ጦር እንዲኖረው አልተፈቀደለትም፤ ግብሩም ለእርሱ መሆኑ ቀርቶ ለመንግሥት ግምጃ ቤት እንዲገባ ታዘዘ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ ደግሞ መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ለይቶ ግብሩን በገንዘብ ወሰነ። አፄ ቴዎድሮስ ያሰቡት ሐሳብ ከሰማንያ ዓመት በላይ ቈይቶ በወረቀት ላይ ተፈጸመ ማለት ይቻላል። ጭሰኛው ለባለ መሬቱ ከምርቱ መክፈሉ ባይቀርለትም፣ ሹም የፈለገውን ያህል የሚጭንበት ልማድ በሕግ መከልከሉ ቀላል ነገር አልነበረም። የመሐል መንግሥትን ደግ ሥራ የሚክድ ሰው ይህን ያስታውስ።

ነገር ግን ሁሉም ነገር ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሆነ። ጠቅላይ ገዢውም፣ የአውራጃው ገዢም፣ የወረዳው ገዢም ሁሉም የሚያዩት ወደ ላይ ነበር፤ የሚሾማቸውም የሚሽራቸውም ከላይ ነውና። በደል የደረሰበት ሰው ስንቁን ይዞ ቀናት እየተጓዘ በዋና ከተማው ደጅ ይጠና ነበር። ደጅ መጥናት የሚለው ቃል በቋንቋችን ውስጥ ይህን ያህል ሥር መስደዱ ራሱ ምስክር ነው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ ችግሩ ግን በንጉሡ ስም የሚሠራው የወረዳ ሹምም በዚሁ ተረት ጥላ ሥር መቀመጡ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው በሌላ መንገድ መጣ። በ1935 ዓ.ም. በትግራይ፣ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በባሌ፣ በ1960 ዓ.ም. በጎጃም ሕዝቡ መሣሪያ አንሥቶ ተነሣ። የየአንዳንዱ ምክንያት ልዩ ልዩ ነው፤ የጎጃሙ ግን ለርእሳችን በተለይ ያስተምራል። በኅዳር 1960 ዓ.ም. አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በወጣ ጊዜ፣ የጎጃም ገበሬ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ የሚወሰድበት መሰለው። መልእክተኞች ልኮ አቤት አለ፤ መልስ አላረካውም። ከዚያ በኋላ አመፀ፤ ጦርም ተላከበት። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ተዛወሩ፤ ያልተከፈለውም ውዝፍ ግብር ተማረለት። እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። በቃል ሲቀርብ ያልተሰማው አቤቱታ በጥይት ሲቀርብ ከተሰማ፣ ሕዝቡ የተማረው ትምህርት ምን ይሆን?

በወረቀት የቀረው ትእዛዝ

ይህን ጕድለት የመንግሥቱ ሰዎች ራሳቸው አላዩትም ማለት አይደለም። በመጋቢት 1958 ዓ.ም. አውራጃዎች ራሳቸውን በራሳቸው እንዲያስተዳድሩ የሚል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ሐሳቡ ሕዝቡ የሚመርጠው የአውራጃ ምክር ቤት እንዲቋቋም፣ ከአውራጃው ከሚሰበሰበው ግብር ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለመንገድና ለውሃ የሚሆነው በዚያው እንዲቀር፣ ምክር ቤቱም እንዲመክርበት ነበር። የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ እንደሚባለው ማለት ነው።

ትእዛዙ ግን ሥራ ላይ አልዋለም። ግብሩ ለአውራጃዎቹ እንዲቀር የሚያደርገውን ሕግ ፓርላማው ሳያጸድቀው ቀረ። ይህን ስናነብ አንድ ነገር ተገነዘብን። ሥልጣንን በቃል መስጠት ቀላል ነው፤ የሚከብደው የግምጃ ቤቱን ቍልፍ መስጠት ነው። ገንዘብ የሌለው ምክር ቤት ለመምከር ይሰበሰባል እንጂ አንዲት ድልድይ እንኳ አይሠራም።

የወሎ ረኃብ

ይህ ሁሉ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንባቢን ጊዜ ባልወሰድን ነበር። በ1964 ዓ.ም. በወሎ ዝናም ጐደለ። በ1965 ዓ.ም. ረኃቡ ጸና። የእርሻ ሚኒስቴር ስለ ሰብሉ መጥፋት የሚያስጠነቅቅ ጥናት አስቀድሞ አድርጎ ነበር፤ ጥናቱ ግን ለሕዝብ አልተገለጠም። ገበሬው ከብቱን ሸጠ፤ ቀጥሎም ከነቤተሰቡ ወደ ዋናው መንገድ ወርዶ ከሚያልፈው መኪና ምጽዋት ለመነ። እስከ አዲስ አበባ በእግሩ የተጓዘም ነበረ፤ ወደ መጣበት ተመለሰ። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ አሳዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. አንድ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ያነሣው ፊልም በእንግሊዝ አገር ሲታይ ዓለም ሁሉ ዐወቀ። እስከዚያ ድረስ በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ሰው አልቆ ነበር።

ወሬው ስለ ምን ዘገየ? ስልክ ስላልነበረ አይደለም። ከደሴ እስከ አዲስ አበባ መንገድም ነበረ፣ ስልክም ነበረ፣ በየወረዳው ሹምም ነበረ። ነገር ግን ሹመቱ ከላይ የሆነ ሰው ክፉ ወሬ ወደ ላይ መላክ ይፈራል፤ የተላከለትም ባለሥልጣን ለጌታው ማቅረብ ይፈራል። የመንግሥት እጅ በወሎ ነበረ፤ ግብሩን ይሰበስብ ነበርና። ጆሮው ግን አልነበረም። ማንኛውም የአውራጃ ምክር ቤት ዝናም ሊያዘንም አይችልም፤ በዚያ ዓመት ግን በኢትዮጵያ በጠቅላላው እህል ጨርሶ አልጠፋም ነበር። የወሎ ሕዝብ የመረጠው፣ ዝም ቢል በሕዝቡ የሚሻር እንደራሴ በየአውራጃው ቢኖር ኖሮ፣ ጩኸቱ አንድ ዓመት ሙሉ ታፍኖ ይቈይ ነበር ብለን አናምንም። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ይህ ረኃብ ከምክንያቶቹ አንዱ ሆነ።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ

የደርግ መንግሥት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት ለሕዝብ ባደረገበት ዐዋጅ የገበሬ ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩ መሬት የሚያከፋፍል፣ በትንንሽ ነገርም የሚዳኝ ስለ ነበረ፣ ሥልጣን በእውነት ወደ ታች የወረደ መስሎ ነበር። ብዙ ሳይቈይ ግን ማኅበሩ የመሐሉ መንግሥት እጅ ሆነ። የእህል ኮታ የሚሰበስበው፣ ለሰፈራ ሰው የሚመዘግበው፣ ለመንደር ምሥረታ ቤት የሚያስፈርሰው እርሱ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ እንደገና ወሎንና ትግራይን ሌሎቹንም አገሮች ፈጀ። በ1980 ዓ.ም. ራስ ገዝ አካባቢዎች ይቋቋሙ የሚል ሕገ መንግሥት ሲወጣ፣ ጦርነቱ ከምክሩ ቀድሞ ሄዶ ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የመጣው አሠራር በአገራችን ታሪክ ሥልጣንን በሕግ እጅግ የከፈለ ነው። በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት 9 ክልሎችን አቋቋመ፤ ዛሬ 12 ሆነዋል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ፣ በመጀመሪያ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች፣ ወረዳዎች በጀት በጥቅል እንዲሰጣቸውና ራሳቸው እንዲደለድሉት ተደረገ። ብዙ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ለሕዝቡ ቀረበ። ሆኖም የወረዳው ገንዘብ አብዛኛው ከላይ የሚመጣ፣ ከመጣውም አብዛኛው ለደመወዝ የሚሄድ በመሆኑ፣ የ1958ቱ ጥያቄ ዛሬም በሌላ መልክ አለ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በፌዴራሉ መንግሥትና በትግራይ ክልል ኃይሎች መካከል የተደረገውም ከባድ ጦርነት፣ ሥልጣን በሕግ መከፈሉ ብቻውን ሰላምን እንደማያጸና አሳይቶናል።

መደምደሚያ

እንግዲህ የትኛው ይሻላል ብሎ የሚጠይቀን ቢኖር፣ ሥራውን ለይተን እንመልሳለን። አገርን ከጠላት መጠበቅ፣ አንድ ገንዘብ ማሳተም፣ ዝናም ከዘነበበት አገር ላልዘነበበት እህል ማድረስ፣ በገዛ አገሩ ሹም የተበደለ ሰው ይግባኝ የሚልበትን ችሎት መክፈት የመሐሉ መንግሥት ሥራ ነው። ዘመነ መሳፍንት ይህ ሲጠፋ የሚሆነውን አሳይቶናል። የትምህርት ቤቱን ክፍል መሥራት፣ የምንጩን ውሃ ማጐልበት፣ የመንደሩን መንገድ መጥረግ፣ የገበያውን ቦታ መወሰን ግን በዚያ የሚኖረው ሕዝብ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል።

የትኛውንም አስተዳደር ለመመዘን ሦስት ጥያቄ ይበቃል እንላለን። ሹሙ ቢያጠፋ የሚሽረው ማን ነው? የግምጃ ቤቱ ቍልፍ በማን እጅ ነው? ክፉ ወሬ ወደ ላይ የላከ ሰው ይመሰገናል ወይስ ይቀጣል? መሳፍንቱ በመጀመሪያው ጥያቄ ወደቁ፤ የ1958ቱ ትእዛዝ በሁለተኛው፤ የ1965ቱ አስተዳደር በሦስተኛው።

ውድ ወላጆቻችንና መምህሮቻችን፣ እናንተ ከዚህ ታሪክ ብዙውን በዓይናችሁ ያያችሁ ናችሁ፤ ያያችሁትን ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ ከመጽሐፍ የማናገኘው ብዙ ነገር አለና። እናንተም የትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፣ ነገ ከመካከላችሁ ወረዳ የሚጻፍለት፣ ማኅተም የሚሰጠው ይኖራል። ዮቶር ለሙሴ አለቆችን ሹም ብሎ ብቻ አልተወውም፤ እውነተኞችና መማለጃ የማይወዱ ሰዎችን ምረጥ ብሎም መክሮታል። ሹመት ለደረሰው ሰው ከዚህ ላይ አንድ እንጨምርለታለን። በወረዳው ውስጥ የተራበ ሰው ቢኖር፣ ሹመቱን የሚያሳጣው ቢሆን እንኳ፣ በዚያው ቀን ጽፎ ይላክ።